የግራው መዝጊያ

ሰኞ ጠዋት ነበር፣ አባ ፊጣ መጡ፣
ከሱቄ በራፍ ላይ፣ ከላሜራው ክምር፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።
«የጊቢያችን በር፣ የግራው መዝጊያ፣ ማጠፊያው ተነቅሏል፣
በሽቦ አስረነዋል፤ መውሊዱ ግን ደርሷል።
ሐሙስ ሰው ይጎርፋል፣ ቶሎ ድረስ» አሉኝ።
«ነገ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ አምነው፣ መረቁኝ።

ነገ።
ደንበኛ ሲመጣ አፌ ላይ የምትቀድም የሂርማታ ቃል፤
እሷ ትሮጣለች፣ እጅ ይዘገያል።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። እውነት ነው፣ አልነበረም።
ረቡዕ ግን ካሥር ሰዓት በኋላ መጥቷል፤ ይህን የጠየቀኝ የለም።
እኔ ያን ምሽት ፈረንጅ አራዳ
የአንድ ባለፎቅ በረንዳ ስበይድ አመሸሁ፤
ቀብድ በልቻለሁ፣ ቀብድ ደግሞ ዕዳ።

ሐሙስ።
ከጂሬን ቁልቁለት፣ ከቆጪ፣ ከመንደራ፣
ከሰቃ፣ ከማና፣ ባይሱዙ ተጭኖ፣ ሰው ከሰው ሲደራ፣
ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲጣራ፣
እኔም ሄድኩ። ስገባ ያን ሽቦ አየሁት፣
በመዳፌ ዳስሼ «ጠንካራ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ዝናብ መጣ። የጅማ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣
ደመና አይልክም፣ ደጅ አያንኳኳም።
ከዳሱ ማገር አንዱ ቋ አለ በጨለማ፣
«ወደቀ!» አለ አንድ ሰው። አልወደቀም ነበር። ግን ሁሉም ሰማ።

በቀኙ መዝጊያ በኩል ሁለት ሰው ያልፋል፣ ያውም ከተጣበቡ፤
ከኋላ ያሉት የፊቶቹን መቆም በምን ያስቡ?
እኔ ከውስጥ ነበርኩ፣ ከድቤው አጠገብ፣ ከደረቁ ቦታ፤
ጩኸቱን የሰማሁት መስሎኝ ነው እልልታ።

«ማንም ማንንም አልገፋም» ያለችኝ ሙንተሃ ናት፣
የአወቱ ማዶዋ፣ ጎድኗ ሁለት ቦታ የተሰበረባት።
«እግሬ መሬት ሳይነካ ነው የሄድኩት፣
እንደ ቡና ጆንያ፣ ቆሜ፣ ሲያሻግሩኝ ከዚህ እዚያ።
አጠገቤ አንዲት ልጅ፣ የማላውቃት፣
‹ሻሼ እንዳይወልቅ ያዥልኝ› አለችኝ። ያዝኩላት።
ከዚያ ዝም አለች።
ዝም ብላም እንደቆመች ነበረች፤
መውደቂያ አልነበራትም» አለች።

ሽቦው አልተበጠሰም። ጠንካራ ነው ብዬ አልነበር?
ልክ ነበርኩ።
በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ እኔው በፒንሳ ቆረጥኩት፤
ሦስት ቁርጥ። እፍኝ ሙሉ ሽቦ።
ሳል እንኳ ሳልጨርስ አለቀ።

መዝጊያው ቃሬዛ ሆነ። አራት ሆነን ተሸከምነው።
ባጃጆቹ ሞልተዋል፤ እስከ ሆስፒታሉ በእግር ነው።
ሦስቴ ተመላለስን። በመጀመሪያው ላይ ተማም፣ የሻጩ ልጅ፣
በሁለተኛው የማናውቃቸው እናት፣
በሦስተኛው ያቺ ልጅ፣ ሻሿ እንደታሰረ፣
አንዲት ዘለላ ጸጉር ሳይወጣባት።

አሥራ ዘጠኝ ሰው።

ለቅሶ ቤት «ቀደር ነው» ተባለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።
እኔም ነቀነቅኩ፣ ከሁሉም ጠለቅ አድርጌ፣ አገጬ ደረቴን እስኪነካ።
አባ ፊጣ ደግሞ ለመጣው ሁሉ እንዲህ ይላሉ ለካ፦
«እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ለልጁ የነገርኩት ዘግይቼ ነው።
ዓርብ መሄድ ነበረብኝ። ጉልበቴን አሞኝ ነው።»

ቢሰድቡኝ ኖሮ።
ያችን ጃንጥላቸውን ቢያሳርፉብኝ ኖሮ።

በሰባተኛው ቀን ማሽኔን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ፣
ሁለቱንም መዝጊያ አዲስ ማጠፊያ አበጀሁ።
በሩ ድሮ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈት፤
ገለበጥኩት። አሁን በአንድ ጣት
ቢነኩት ወደ ውጭ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ይሄዳል።
ነክቼ አየሁት። ደግሜ ነካሁት። ማንም የለም፣ በሩ ግን ይሄዳል።

አባ ፊጣ ከኋላዬ ቆመው አይተው፣
ከኪሳቸው መሐረብ፣ ከመሐረቡ ቋጠሮ ፈተው፣
«ሂሳቡ ስንት ነው?» አሉኝ።
ዓይኔ ገና በእሳቱ እንደታወረ፣
አፌ ቀደመኝ፣ «ነገ» አልኳቸው።